ሴት በመዝገብ ውስጥ እንዴት ትገኛለች?

የታሪክ ትምህርት ላገር ልጅ ሁሉ የሚጠቅም መሆኑን የማያውቅ ሰው በዚህ ዘመን የለም። ነገር ግን ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘውድ፣ የመኳንንትን ሹመትና የጦርነትን ውሎ ነው። ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ብትገኝ ወይ ንግሥት ናት፣ ወይ የንጉሥ እናት ናት፣ ወይ ገዳም ያጸናች ቅድስት ናት። ከነዚህ ውጭ የሆነችው፣ እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ርስቷን ተሟግታ ያለፈችው ሴት ግን ታሪክ እንዳላት እንኳ አይታሰብም። ይህን ነገር የሚመረምር ትምህርት አሁን በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሁለተኛ ዲግሪ ለሚማሩ ሰዎች የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ በቤታችንም ብዙ የተነጋገርንበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ያየሁትንና የተረዳሁትን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለማካፈል አሰብሁ።

እኔ በፍኖተ ሰላም ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬም ከአርባ ዓመት አልፏል። በልጅነቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ጥቂት ቅኔ ቈጠርሁ፤ ከዚያም በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ እንግሊዝኛና ሒሳብ ተማርሁ። ሥራዬ የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል መጻፍ፣ መዝገብ ማደራጀትና ግልባጭ መስጠት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ሊቅ ሳይሆን ከወረቀት ጋር እንደሚውል ሰው መሆኑን አንባቢዎች ይረዱልኝ።

ታናሽ እህቴ በቡሬ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ባል አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር ፈቃድ አግኝታ፣ የምታጠናውም ጉዳይ የሥርዓተ ፆታ ታሪክ መሆኑን ባስታወቀች ጊዜ፣ በትንሣኤ ማግስት ሁላችንም በእርሷ ቤት ተሰብስበን ተነጋገርንበት። ባልዋ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን «ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል? ደመወዝሽስ ቢቀር ቤቱ በምን ይቆማል?» ብሎ ሥጋቱን ተናገረ። አባታችን መሪጌታ ስለ ሆኑ የእርሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። «የሴት ታሪክ ማለት ምን ማለት ነው? ሔዋን ከአዳም ጎን ተገኘች እንጂ ለብቻዋ አልተፈጠረችም። አንዱን ታሪክ ለሁለት ከፍለሽ ምን ልታተርፊ ነው?» ብለው ጠየቋት።

እህቴም እንዲህ ብላ መለሰች፤ «አባባ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አንዱ ታሪክ እስከ ዛሬ በግማሹ ተጽፎ ኖሯልና ሙሉ ይሁን ማለቴ ነው። እርስዎ ሰዋስው ሲያስተምሩኝ ተባዕታይና አንስታይ ብለው ለዩልኝ። ፀሐይ በፍጥረቷ ሴትም ወንድም አይደለችም፤ እኛ ግን ‹ፀሐይ ወጣች› እንላለን። ሴት ያደረጋት አነጋገራችን ነው። እንዲሁም ሴት ልጅ መውለዷ የተፈጥሮ ነው፤ ሞፈር አትጨብጥም፣ በሸንጎ ቆማ አትናገርም መባሉ ግን የሰው ሥርዓት ነው። ሥርዓት ደግሞ በየዘመኑ ይለወጣልና ታሪክ አለው። የምማረው ይህን ነው።»

ይህ መልስ ለእኔም ነገሩን ገለጠልኝ። ጾታ የሚለው የግዕዝ ቃል ወገን፣ ክፍል፣ ዐይነት ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም «ጾታ ምእመናን» ሲባል የምእመናን ወገን ማለት ነው። ሥርዓተ ፆታም እንግዲህ ሰው ወንድና ሴት ተብሎ በወገን የተከፈለበት፣ ለያንዳንዱም ወገን ሥራው፣ ክብሩና መብቱ የተመደበበት ሥርዓት ማለት ነው። ታሪኩን መማርም ይህ ምደባ መቼ፣ በማን ቃልና በምን ሕግ እንደ ተደረገ መጠየቅ ነው።

በውጭ አገር ይህ ትምህርት በደረጃ ያደገ መሆኑን እህቴ ከምታነባቸው መጻሕፍት ተረዳሁ። በመጀመሪያ ሊቃውንቱ የተረሱትን ስመ ጥር ሴቶች እየፈለጉ ይጽፉ ነበር። ቀጥሎም ስለ ሠራተኛይቱ፣ ስለ ገበሬይቱና ስለ እናቲቱ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያም ጆአን ስኮት የተባለች አሜሪካዊት የታሪክ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ባወጣችው ጽሑፍ፣ የሴቶችን ነገር በታሪክ መጽሐፍ መጨረሻ እንደ ተጨማሪ ምዕራፍ ማኖር እንደማይበቃ፣ ሥርዓተ ፆታ ራሱ ሥልጣን የሚገለጥበት መንገድ ስለ ሆነ ታሪኩ ሁሉ በእርሱ ሊመረመር እንደሚገባ አስረዳች። ይህ ጽሑፍ ዛሬ በዚህ ትምህርት የተሰማራ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ሆኗል።

ባገራችንም የመጀመሪያው ደረጃ ባዶ አይደለም። የመርጡለ ማርያምን ደብር በጎጃም ያሠራችውና ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችው ንግሥት እሌኒ፣ በጎንደር ዘመን መንግሥት የመራችው እቴጌ ምንትዋብ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ በታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይጠራሉ። በሱስንዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖቷ የታገለችው የወለተ ጴጥሮስ ገድልም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1672 በግዕዝ የተጻፈ ሲሆን፣ ወንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር የተባሉ ሊቃውንት በ2015 ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳትመውታል። በእኛው በጎጃም ደግሞ ዐይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶችን ተማሪዎች ቅኔ ያስተማሩ መሆናቸውን የቤተ ክህነት ሰው ሁሉ ያውቃል። በለጠ ብዙነህ የተባለ የታሪክ ተመራማሪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ታሪክ እስከዚያ ጊዜ የተጻፈውን ሰብስቦ መርምሯል።

ሆኖም እሌኒን ማወቅ የእሌኒን እንጀራ ጋጋሪ ማወቅ አይደለም። ተራይቱን ሴት ለማግኘት ሌላ ዐይነት ንባብ ያስፈልጋል። ዶናልድ ክራሚ የተባለ የታሪክ ሊቅ በጎንደርና ባካባቢው በብራና መጻሕፍት ዳርና በባዶ ገጾች ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታና የኑዛዜ ማስታወሻዎች እያነበበ፣ ሴቶች መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱና ሲሟገቱ የሚታዩ መሆናቸውን አሳይቷል። የብራናው ዋና ጽሑፍ ወንጌል ወይም ድርሳን ነው፤ ሴቲቱ ግን በዳሩ ላይ ናት። የዚህ ትምህርት አንዱ ዘዴ እንግዲህ ዳሩን ማንበብ ነው።

ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ሰዎች ደግሞ የሚቀርበን የአለን ሆበን መጽሐፍ ነው። ይህ ሰው በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ነገር አጥንቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ መሆኑን፣ ሰውም ርስቱን ለመጠየቅ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን እየቈጠረ የሚሟገት መሆኑን ገልጿል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ባለ ርስት ነበረች። ነገር ግን ባገራችን ልማድ ሴት ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ፣ መብቷን በተግባር የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ ባሏ ወይም ወንድሟ ወይም ልጇ ነበር። መብቱ የእርሷ ሆኖ ንግግሩ የሌላ የሆነበት ምክንያት በዚህ ይታወቃል።

በዚያ በትንሣኤ ማግስት ስብሰባ ይህን ነገር በቤታችን አገኘነው። የእናቴ ታላቅ እህት የሆኑት አክስታችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እናታችን የእናቷን ርስት ለማስመለስ ሰባት ዓመት ተሟግታለች። ከቡሬ ገጠር ተነሥታ በማንኩሳ አድርጋ እስከ ፍኖተ ሰላም በእግሯ ትመላለስ ነበር። ራሷ ቆማ ተናገረች እንጂ ማንም አልተናገረላትም። ይህ ታሪክ ካልሆነ ምን ታሪክ አለ?» አሉ። ወዲያውም ከቤታቸው የቆዳ ማኅደር አስመጥተው በውስጡ የነበረውን የፍርድ ግልባጭ አወጡ። ግልባጩ በ1940ዎቹ ዓመታት የተጻፈ ነው።

እንዳነበው ሰጡኝና በጉባኤው ፊት አነበብሁት። ከሳሽ ተብሎ የተጻፈው የአያቴ የባሏ ስም ነው፤ ከስሙም ቀጥሎ «ስለ ሚስቱ» የሚል ቃል አለ። የእርሷ ስም በጠቅላላው ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል። ምስክሮቹ ሰባት ሲሆኑ ሁሉም ወንዶች ናቸው። የዘሩ ቈጠራ ግን ከእርሷ ተነሥቶ ዘጠኝ ትውልድ ወደ ላይ ሲሄድ በሦስት ቦታ በሴት ላይ ያልፋል። ከነዚያ ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ብትጐድል ርስቱ ሁሉ ይፈርሳል። ከታች ሁለት የጣት አሻራዎች አሉ፤ የማን እንደ ሆኑ አልተጻፈባቸውም።

አክስታችን ይህን ሲሰሙ ተቈጥተው «እንግዲያው ወረቀቱ ዋሽቷል» አሉ። አባታችን ደግሞ «ቃል ይረሳል፣ ጽሕፈት ይወረሳል ተብሏል፤ ወረቀት ካፍ ይበልጣል» አሉ። እህቴ ግን ለሁለቱም አልፈረደችም። «ሁለቱም ምስክሮች ናቸው፤ ምስክር ደግሞ ይጠየቃል እንጂ ሳይጠየቅ አይታመንም፣ ሳይጠየቅም አይጣልም» አለች። አባታችን ጥቂት አስበው «እንግዲህ ተማሪ፤ ነገር ግን ያላገኘሽውን አትጻፊ» ብለው መረቋት። ባልዋም ልጆቹን ከእናቴ ጋር ሆኖ ለመያዝ ተስማማ። ጠዋት ልጆቹን አጥቦና አብልቶ ትምህርት ቤት ሲያደርሳቸው ጎረቤቶች ይሥቁበት እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከሣቁት አንዱ ሚስቱ በታመመችበት ጊዜ የልጆችን ገንፎ አሠራር ሊጠይቀው መጣ።

እህቴ ትምህርቷን ከጀመረች ወዲህ በየዕረፍቱ ስትመጣ የምትሠራበትን ዘዴ ትነግረኛለች፤ እኔም ከሥራዬ ጋር እያስተያየሁ አዳምጣታለሁ። የመጀመሪያው ነገር ከወረቀቱ ፍሬ ነገር በፊት የወረቀቱን ሥርዓት ማንበብ ነው። ይህን ወረቀት ማን ጻፈው? በማን ትእዛዝ? የሴቲቱ ስም በምን ዐይነት ተጠራ፤ በራሷ ነው ወይስ «የእገሌ ሚስት» ወይም «የእገሌ እናት» ተብላ? የተናገረችው ራሷ ናት ወይስ ወኪሏ? በዚህ ላይ እኔም የሙያዬን መሰከርሁላት። ባለ ጉዳይ በችሎት ሲናገር ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ይተርታል፣ ያገሩን አነጋገር ይናገራል። ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ አጥርቶ «ከሳሽ እንዲህ ሲሉ አመለከቱ» ብሎ በመዝገብ ቋንቋ ያሰፍረዋል። ይህ ሥርዓት ለፍርድ ሥራ የሚያስፈልግ ነው፤ ዳኛው ፍሬ ነገሩን እንጂ እንባውን አይመዝንምና። ለታሪክ ጸሐፊ ግን በመዝገቡ ውስጥ ያለው ድምፅ የባለ ጉዳይዋና የጸሐፊው ድምፅ የተደባለቀበት መሆኑን ማወቅ ግድ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙን ሳይለዩ ወርቁን ማግኘት እንደማይቻል ሁሉ እዚህም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ያፍን ታሪክ በጥንቃቄ መጠየቅ ነው። አክስታችን ክርክሩ በተደረገበት ጊዜ ሕፃን ነበሩ፤ ስለዚህ ያወሩት ያዩትን ብቻ ሳይሆን ሲነገር የሰሙትንም ነው። ቤተሰብ ደግሞ ያሸነፈበትን ነገር ሲያወራ እያሳመረ ነው። ስለዚህ እህቴ አንድ ነገር አደረገች፤ ከተረታው ወገን ዘር የሆኑትን አሮጊት ፈልጋ በፈቃዳቸው ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም የእኛን ቤት የሚያወድሱበት ምክንያት የላቸውም። እንዲህ አሉ፤ «ያች ሴት ልጅ አዝላ በሽማግሌዎች ፊት በዋርካው ሥር ቆማ አባቶቻችንን አፍ አስያዘቻቸው ሲባል ከእናቴ ሰምቻለሁ። ወደ ዳኛ በሄዱ ጊዜ ግን ባልዋ ነው የተናገረው።»

አንባቢዎች ሆይ፣ ነገሩ በዚህ ተፈታ። አክስታችንም አልዋሹም፣ ወረቀቱም አልዋሸም። አያቴ በቀያቸው በሽማግሌዎች ፊት ራሷ ተናገረች፤ በፍርድ ቤት ግን ባሏ ስለ እርሷ ቆመ። የዋርካው ሥር ሸንጎ ጸሐፊ አልነበረውምና ቃሏ በወረቀት አልቀረም፤ ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነበረውና የባሏ ቃል ቀረ። አንድ ሰው ወረቀቱን ብቻ አንብቦ «በዚያ ዘመን የጎጃም ሴት አትናገርም ነበር» ብሎ ቢጽፍ ይሳሳታል። ወሬውን ብቻ ሰምቶ «ሴት እንደ ወንድ በፍርድ ቤት ትናገር ነበር» ብሎ ቢጽፍም ይሳሳታል። እህቴም ካንድ ቤት ታሪክ ተነሥቶ ስላገሩ ሁሉ መፍረድ እንደማይገባ አውቃ፣ ብዙ ግልባጮችንና ብዙ አረጋውያንን በዚሁ መንገድ እያስተያየች ትመረምራለች።

ሦስተኛው ነገር ሴት ሁሉ አንድ አይደለችም የሚለው ነው። ባለ ጉልቷ ወይዘሮ ስሟ በብራና ዳር ተጽፎ ይገኛል፤ እህሏን የምትፈጭላት ገረድ ግን ስሟ አይገኝም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ እስኪከለከል ድረስ በባርነት የኖሩት ሴቶች በወረቀት ላይ ቢታዩ እንደ ንብረት ተቈጥረው ነው። በታላላቅ ቤቶች የተወለዳችሁ አንባቢዎች ይህን ስጽፍ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያያቶቻችሁን ኑዛዜና የቤት ደብተር የያዛችሁት እናንተ ስለ ሆናችሁ፣ የነዚያ የሌሎቹ ሴቶች ስም ካለ ያለው በእናንተ ሣጥን ውስጥ ነውና።

አራተኛው ነገር ይህ ትምህርት ስለ ወንዶችም የሚመረምር መሆኑ ነው። ወንድ መሆን ማለት ምን ማለት ነው? በጎጃም ወንድ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ሲፎክር፣ ደሙን ሲመልስ፣ ርስቱን አላስነካም ሲል፣ ይህንን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አልተወለደም፤ ተምሮት ነው። ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ምሁር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን ተዋጊዎች ሥርዓት መርምረዋል። የፉከራውን ሥርዓት የማያውቅ ሰው በዚያው ግብር ላይ ጠጅ የምትጥለዋን፣ ስንቅ የምታዘጋጀዋንና ለሞተው ሙሾ የምታወርደዋን ሴት ሥርዓት ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱ እንደ ሸማ ድርና ማግ ናቸው።

ሕግም በየዘመኑ ይህን ሥርዓት እንዴት እንደ ለወጠው በወረቀት ላይ ይታያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬት ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት ይሰጣል አለ፤ በገበሬ ማኅበር መዝገብ ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ በወንዱ ስም ይጻፍ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ደነገገ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲደረግ ብዙ ሴቶች በስማቸው መሬት አገኙ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀርተው ባልና ሚስት በትዳር እኩል እንዲሆኑ አደረጉ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በክልሉ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም ፎቶግራፋቸውንም ጭምር የያዘ ሆነ።

ስለዚህ ደብተር አንድ ነገር ልናገር። አያቴ ሰባት ዓመት የተሟገተችበት መሬት ወረቀት ስሟን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። የልጅ ልጇ ዛሬ በዚያው ቀበሌ የያዘችው ደብተር ግን ፊቷን ያሳያል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ታሪክ ጸሐፊ ይህን አይቶ ሴቶች ሁሉ መሬታቸውን በራሳቸው ያዙ ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ነገር ግን መሬቱን ማን እንዳከራየው፣ የኪራዩንም ገንዘብ ማን እንደ ተቀበለው ፎቶግራፉ አይናገርም። ይህን የሚነግሩት ዛሬ በየፍርድ ቤቱ የሚከፈቱት የመሬትና የፍቺ መዝገቦች ናቸው። እኛ ዛሬ የምንጽፈውን እርሱ ያነበዋል።

ጥንቃቄውንም መዘንጋት አይገባም። ያለፉት ሰዎች መዝገብ አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት ያለችው ሴት የፍቺዋ ወይም የደረሰባት ግፍ መዝገብ ሌላ ነገር ነው። እህቴ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መዝገብ አታይም፤ ስም አትገለብጥም፤ የምትጠይቃቸውን ሴቶች ፈቃዳቸውን ሳታገኝ አትጽፍም። «አልናገርም» ያሏትም አሉ፤ እነርሱንም አመስግና ተመልሳለች። የሰውን ኀዘን ሰብስቦ ዲግሪ መያዝ ነውር መሆኑን አስተማሪዎቿ አስቀድመው ነግረዋታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ወረቀት ምስጥ ይበላዋል፤ የክረምት ጠል ያበሰብሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ስለ ተነሣ ደግሞ የሰው ሕይወት ራሱ በሚያሰጋበት ጊዜ ለአሮጌ ወረቀት የሚያስብ ጥቂት ነው። የሰውም ዕድሜ እንዲሁ ነው። አክስታችን ባለፈው ኅዳር ዐረፉ። ቃላቸው ግን እህቴ በድምፅ መቅጃ ስለ ያዘችው ቀርቷል። ከእርሳቸው እኩዮች መካከል ሁለቱ ጥያቄ ሳይደርሳቸው ቀድመው ሞቱ፤ ከእነርሱም ጋር ምን እንደ ተቀበረ የሚያውቅ ሰው የለም። ለሊቅ የተዘረጋ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ለምስክር ግን የለም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ዩኒቨርሲቲ ሳንገባ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለውን ላመልክት። በሣጥናችን ያለውን ኑዛዜ፣ የጋብቻ ውል፣ የፍርድ ግልባጭና ደብዳቤ ከእርጥበትና ከምስጥ እንጠብቀው፤ ከቻልንም ፎቶግራፉን አንሥተን ግልባጩን በሁለት ቦታ እናኑር። በአሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ የወንዶቹን ብቻ ሳይሆን የሴቶቹንም ስም ከነአባታቸው እንጻፍ፤ «እገሌ ከነቤተሰቡ» ማለት ለልጅ ልጅ ምንም አይነግርም። ትውልዳችንን ለልጆቻችን ስናስቈጥር በእናት በኩል ያለውንም እናስቈጥር፤ የጎጃም ርስት በሁለቱም በኩል የሚቈጠር ነበርና ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አያት ያለው ሰው ዛሬውኑ ሄዶ «ልጅ ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር? ሲዳሩ ማን ጠየቀዎት? የራስዎ የሚሉት ምን ነበረዎት?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም እንደ ተናገሩት አድርጎ ይጻፍ። በሹመት ያላችሁትም በየመሥሪያ ቤታችሁ አሮጌ መዝገብ ቦታ አጣበበ ተብሎ ከመጣሉ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

ሴት ልጅ ወይም ሚስት ወይም እህት ይህን ትምህርት ልማር ብላ ብትጠይቅም ቤተሰቡ ጥቅሙን አይቶ ይርዳት። ትምህርቱ ባልና ሚስትን የሚያጣላ አይደለም፤ ሁለቱም ከየት እንደ መጡ የሚያስረዳ ነው። የእህቴ ባል ለልጆቹ የአያታቸውን የሙግት ታሪክ ከእርሷ ይልቅ አሳምሮ የሚተርክ ሆኗል፤ እርሷም አጠገቡ ተቀምጣ፣ ያልተገኘ ነገር ሲጨምርበት «ይህስ በየትኛው ምስክር ነው?» ትለዋለች።